ጉንጭ ላይ የቀረችው ቁራጭ ሶፍት

ግባ፣ ግባ! ጠጋ በሉለት። ብዙ አላመለጠህም፤ ምላጩ ገና አሁን ጉንጩን መንከሱ ነው። ደም ወጣ። ፀጉር ቆራጩ ሸምሱም «አይዞህ፣ ምንም አይደል» ብሎ ከሶፍት ጥቅሉ ላይ ትንሽ ቀደደና ቁስሉ ላይ ለጠፋት። እዚህ ላይ ነው የደረስነው።

ጉንጩ የማን ነው? የውብሸት። ውብሸት ባጃጅ የሚነዳ ጎረምሳ ነው፤ ነገ የቀለበት ቀኑ ነው። ነገ የወደዳት የስንዱ አባት ፊት፣ ፊቱን አጥርቶ መቆም አለበት። ለምን ተቆረጠ ካልከኝ፣ ምላጭ አንገቱ ሥር ሆኖ በመስኮት በኩል ስሙ የተነሳ መሰለውና «ማነው የሚያማኝ?» ብሎ ዘወር አለ። ምላጭ ደግሞ ዘወር የሚል ሰው አይወድም።

ይህ ሁሉ የሆነው ድሮ ነው፤ ቆዳም ሥጋም አፍ አውጥተው ይነጋገሩ በነበረ ጊዜ። «ድሮ ባጃጅ ነበረ ወይ?» የሚል ካለ በሩ ያው። ቁጭ ብሎ የሚሰማ ግን፣ ስጨርስ አፌን በዳቦ ሳይሆን በሶፍት ያብስልኝ።

አሁን በዚያ ጉንጭ ውስጥ የሚኖሩትን ላስተዋውቅህ። ትምህርት የዘለቁት «ሕብረ ሕዋሳት» ይሏቸዋል። እኔ ምዕራፉ ሳይደርስ ስለወጣሁ በየስማቸው ነው የምጠራቸው። በር ላይ የምትቀመጠው እትዬ ቆዳ ናት። ከእሷ ሥር ጋሽ ጡንቻ አለ፤ ጉልበተኛ፣ ቶሎ የሚቆጣ። በሁሉም መካከል ነርቭ የሚባል ቀጭን ሰውዬ ይሮጣል፤ ሥራው ወሬ ማድረስ ነው። ከሁሉም በታች፣ ጨለማው ውስጥ፣ አባባ አጥንት ተቀምጠዋል። በዕድሜያቸው ፀሐይ አይተው አያውቁም።

እትዬ ቆዳ ተሰንጥቃ፣ በሯ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ቀና ብትል አንዲት ነጭ፣ ስስ፣ ለስላሳ እንግዳ በሩ ላይ ተዘርግታለች።

«ማነሽ አንቺ?»

«ሶፍት ነኝ።»

«ማን ጠራሽ?»

«ደሙ ጠራኝ። እናንተ ከውስጥ እስክትዘጉት በሩን ደግፌ ልያዝላችሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እጣላለሁ።»

ቆዳ ዓይኗን አጠበበች። «ሰማህ ጋሽ ጡንቻ? ሠርታ ሠርታ ልትጣል ነው የመጣችው!»

«አልሰማሁም፤ ግን አላመንኩም» አለ ጡንቻ ከሥር።

እኔም ብሆን አላምንም ነበር። የማታውቀው ሰው መጥቶ «ሻንጣህን በነፃ ልሸከምልህ» ሲልህ መጀመሪያ የምትነካው ኪስህን ነው። ጡንቻ ደግሞ ብዙ አይቷል። «እሾህም አላፊ ነኝ ብሎ ነው የገባው» አለ። «ሙጃሌም ትንሽ ልረፍ ብላ ነው እግር ላይ ያሉት ዘመዶቻችን ቤት ገብታ የወለደችው። ይቺስ ምን ልትወልድብን ነው?»

«አትፍሩኝ» አለች ሶፍት። «እኔም ድሮ ሕይወት ነበረኝ። ዛፍ ውስጥ ነበርኩ። ዛፍ በመጥረቢያ ሲቆስል ሙጫ አውጥቶ በሩን ይዘጋል። እናንተም ያንኑ ነው የምታደርጉት። ሥራውን አውቀዋለሁ።»

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ ነርቭ። «ሥራችንን ታውቀዋለች! ማን ነገራት?»

አባባ አጥንት ከታች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተዉአት ትያዝ። እናንተ በራችሁን ዝጉ። ወሬውን ተዉትና ዝጉ። እኔ ፀሐይ ካየሁ እናንተ አልቃችኋል።»

ይህን ሲሰሙ ወደ ሥራቸው ገቡ። ሶፍት ከላይ ያዘች፣ እነሱ ከታች ዘጉ። ደሙ ረጋ፣ ወፈረ፣ መድረቅ ጀመረ። ውብሸትም ከወንበሩ ተነሳ። ሸምሱ ትከሻውን እያራገፈለት፣ «ሶፍቷን እንዳትነካት። ቤትህ ስትደርስ ውሃ አስነክተህ ቀስ ብለህ አንሳት» አለው። «እሺ፣ እሺ» አለ ውብሸት። ልቡ ግን መስኮቱ ጋ ነበር። ማን ነበር ስሜን ያነሳው? ምን ብሎ?

የሸምሱ መስታወት ላይ ዝንብ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታያለች። ዝንብ የተከፈተ በር ትወዳለች። የተዘጋ በር ለዝንብ ረሃብ ነው። ባጃጁ ሲነሳ እሷም ተነሳች።

አንድ ጊዜ መጣች። ቆዳ ዳር ላይ አረፈች።

«እትዬ ቆዳ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምንም። እኔ ምን አገባኝ። ብቻ አሳዘንሽኝ።»

«ለምን አሳዝንሻለሁ?»

«እሷ ነጭ ናት፤ ለስላሳ ናት። አንቺ ደግሞ፣ አትቀየሚኝና፣ ፀሐይ ያጠቆረሽ፣ ምላጭ ያሻከረሽ ነሽ። ዛሬ በርሽን ያዘች። ነገ ጉንጩን በሙሉ ብትይዘውስ?»

እጇን አሸት አሸት አድርጋ በረረች።

ቆዳ ወደ ሶፍት ዞረች። «አንቺ! ቦታዬን ነው የምትፈልጊው?»

«ቦታሽን ብወስድ የመጀመሪያው ካፊያ ያሟሟኛል» አለች ሶፍት። «አንቺ ስንት ክረምት ችለሻል። እኔ አንዱንም አልችልም።»

መልሱ ጥሩ ነበር። ግን የተጠራጠረ ሰው ጥሩ መልስ ሲሰማ «መልሱን አጥንታ ነው የመጣችው» ይላል። ቆዳም እንደዚያው አለች፤ በሆዷ።

ሁለተኛ መጣች። አሁን ከቁስሉ ጠርዝ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አንሾካሾከች።

«ጋሽ ጡንቻ፣ አንተን የመሰለ ጎበዝ ቁጭ ብሎ!»

«ምን ሆነ?»

«እኔ ምን አገባኝ። ግን ይቺ እንግዳ ስትመጣ ምን ትመስል ነበር?»

«ነጭ ናት ብለውኛል።»

«አሁንስ?»

ጡንቻ ማየት አይችልም። «እትዬ ቆዳ፣ አሁን ምን መስላለች?»

ቆዳ አየቻት። «ቀልታለች።»

«የማን ደም ይሆን?» አለች ዝንብ። እጇን አሸት አሸት አድርጋ በረረች።

ጡንቻ ተወጠረ። «አንቺ ደማችንን ትጠጫለሽ?»

«የፈሰሰውን ነው የያዝኩት» አለች ሶፍት። «እኔ ባልይዘው ሸሚዙ ነበር የሚጠጣው።»

ይሄም መልስ ነው። ግን ቀልታ ታይታለች። ዓይን ያየውን ጆሮ አይመልሰውም።

ሦስተኛ መጣች። በዚህ ጊዜ ሶፍቷ ደርቃለች፤ ከደሙና ከአዲሱ ክዳን ጋር አንድ ሆናለች። ዝንብ ነርቭን ጠራችው፤ ፍቅር በተሞላ ድምፅ።

«ነርቭዬ፣ አንተ ነቄ ነህ። ለነዚህ ብነግራቸው አይገባቸውም። ደርቃለችኮ!»

«ደርቃለች?»

«ተጣብቃለች! እንግዳ ሲመሽ ይሄዳል። በር ላይ ተጣብቆ የሚቀር እንግዳ አይተሃል? ከውጭ የሚዘጋ በርስ የምን በር ነው?»

«የእስር ቤት?» አለ ነርቭ።

«ከእኔ አፍ አልወጣም! አንተ ነህ ያልከው» ብላ በረረች።

ነርቭ እንዲህ ዓይነት ወሬ ይዞ መቀመጥ አይችልም። «ተቆለፈብን! ተቆለፈብን!» እያለ እስከ ራስ ቅል ድረስ ሮጠ። ጉንጩ አሳከከ። ጥፍር ተጠራ። ጥፍርን ታውቀዋለህ፤ ሲጠሩት «የት ነው?» ይላል እንጂ «ለምን?» አይልም።

ሶፍት ጥፍር ከመሪው ላይ ሲነሳ አየችው።

«እባካችሁ» አለች። «ሂጂ ካላችሁኝ እሄዳለሁ። ግን ከክዳናችሁ ጋር አብረን ደርቀናል። ውሃ አስነኩኝ፤ ብቻዬን እወጣለሁ። በጥፍር ከሳባችሁኝ በራችሁን ይዤው ነው የምሄደው።»

«ጭራሽ ታስፈራራናለች!» አለ ጡንቻ።

«በራችንን ይዛ ልትሄድ ነው! በአፏ ተናገረች!» አለች ቆዳ።

አባባ አጥንት «ቆዩ ልጆች፣ መጀመሪያ—» ሲሉ ጥፍር ደረሰ። ሳባት።

ሶፍት መንገዱ ላይ ወደቀች። አዲሱ ክዳን አብሯት ወደቀ። የኋላ ጎማው ሄደባት። እንዳለችው ሆነ፤ በሩን ይዛው ሄደች። ከእሷ የቀረችው ከቁስሉ ጠርዝ ላይ የተጣበቀች አንዲት ጫፍ ብቻ ናት።

ደሙ እንደገና ወረደ። በሩ ከበፊቱ ሰፍቶ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው ማን ይመስልሃል?

«ቤቶች! እንዴት ናችሁ?» አለች ዝንብ። እግሯን ሳትጠርግ ገባች። ከየት እንደመጣች አትጠይቀኝ፤ የሥጋ ቤቱን ጓሮ ታውቀዋለህ። እጇን ታሸዋለች፣ ታሸዋለች፣ ማዕድ እንደቀረበለት ሰው። እጇን የምታሽበት ምክንያት ለእነ ቆዳ ያን ጊዜ ገባቸው።

ሲነጋ ጉንጩ አብጦ ነበር። ቆዳ ተወጥራለች፤ ጡንቻ ነዷል፤ ነርቭ «ወይኔ ወይኔ» ከማለት አላረፈም። አባባ አጥንት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ሶፍት ከእናንተ ምን ወሰደች?»

ቆዳ የተቀደደ ጠርዟን ዳበሰች።

«ዝንብስ ምን ሰጠቻችሁ?»

ነርቭ «ወይኔ»ውን ጨመረ።

«መጠርጠሩስ ባልከፋ። የሠራችውን ስትጠረጥሩ ያወራችውን ለምን ዘለላችኋት?»

ውብሸት እንደዚያው ሆኖ ሄደ። ምን ያድርግ፣ ቀኑ ተቆርጧል። በሁለት ሽማግሌዎች መሃል ገብቶ አቶ ድንበሩ ቤት ተቀመጠ። አቶ ድንበሩ የስንዱ አባት ናቸው፤ ልጃቸውን ለተደባዳቢ አልሰጥም ብለው ከዚህ በፊት አንዱን መልሰዋል። የቀለበቱ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ፣ ፊታቸው ነው። እሳቸው ግን ሳጥኑን አላዩም። ጉንጩን ነው ያዩት።

«አንተ ሰው፣ ፊትህን ምን ነካው?»

«ምላጭ ነው ጋሼ። ፀጉር ቤት።»

«ምላጭ።»

«አዎ ጋሼ።»

«የምላጭ ጭረት እንዲህ ያብጣል?»

ውብሸት ሳይመልስ የስንዱ አክስት፣ እትዬ አሰገደች፣ ከጥግ በኩል ተነፈሱ። «እኔ ምን አገባኝ። ብቻ ልጅቷ አሳዘነችኝ። ባጃጅ ተራ ላይ ቢላ ይመዘዛል ሲሉ እሰማለሁ።» ይህን ብለው እጃቸውን አሸት አሸት አደረጉ።

የት አየሁት ትላለህ አይደል?

«ኧረ ተይ አሰገደች፣ ልጁ ጨዋ ነው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«ጨዋ ከሆነ ጉንጩ ለምን ሌላ ይናገራል?»

አቶ ድንበሩ የቀለበቱን ሳጥን በጣታቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። በቃ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ፣ ለመነሳት።

ስንዱ ግን ከእነሱ ቀድማ ተነሳች። ጓዳ ገባች። ለብ ያለ ውሃ በሳህን ይዛ፣ ጨው ነስንሳበት መጣች። ከቦርሳዋ ሶፍት አወጣች።

«ስንዱ!» አሉ አክስቷ። «በአባትሽ ፊት የወንድ ጉንጭ ልትነኪ?»

«ቁስል ነው አክስቴ። ጉንጭማ ቢሆን አልነካም ነበር።»

ሶፍቷን ነከረችና አስጠጋቻት። ቆዳ ሶፍት ስትመጣ ስታይ ደስ አላት። «ግቢ እህቴ፣ ግቢ! በሩ ክፍት ነው!»

እንግዳይቱ ግን አልገባችም። በሩ ላይ ቆመች።

«እህቴ የት ናት?»

«የቷ እህትሽ?» አለች ቆዳ።

«ትናንት አንዷ እዚህ ጉንጭ ላይ መጥታ ነበር። ሽታዋ አለ። ምን አደረጋችኋት?»

ቆዳ አንገቷን ደፋች።

«በጥፍር ሳብናት» አለች። «ውሃ አስነኩኝ ብላን ነበር። እሷን አልሰማንም። ዝንብን ሰማን።»

«እኔንስ ትስቡኛላችሁ?»

«የጥፍር ጌታ እኛ አይደለንም። እማልልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዝንብ ስትመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው እሷን ነው።»

ሶፍት አመነቻት? አላመነቻትም። እኔ እሷን ብሆን አላምንም። ግን ከቁስሉ ጠርዝ ላይ አንዲት የደረቀች ጫፍ አየች፤ የእህቷን ጫፍ። ለእሷ ብላ ገባች።

ይህን ጊዜ ዝንብ ደረሰች። «እትዬ ቆዳ፣ ዛሬማ ይበልጥ አሳዘንሽኝ—»

«ቆይ» አለች ቆዳ። «ይህ በር ቢዘጋ አንቺ የት ነው የምትበይው?»

ዝንብ እጇን ማሸት አቆመች።

ጨው ውሃው ግን ቁስሉ ውስጥ ገብቶ አቃጠለ። ነርቭ ዘለለ። «አቃጠለኝ! አቃጠለኝ!» ወሬው ራስ ቅል ደረሰ። የውብሸት እጅ ብድግ አለ።

«አያችሁ! አያችሁ!» አሉ እትዬ አሰገደች። «እጁን አነሳ! ልጅቷን ሊመታ ነው!»

አቶ ድንበሩ ከወንበራቸው ወደፊት ቀና አሉ። እጁ አየር ላይ ነው። ጥፍር እንደ ልማዱ «የት ነው?» አለ።

ነርቭ ሕይወቱን ሙሉ ያልሠራውን ሥራ ያን ቀን ሠራ። ወሬ ዋጠ።

«የትም» አለ ጥርሱን ነክሶ። «አልጠራሁህም።»

እጁ እዚያው አየር ላይ ቆመ። አልወረደም፤ አልመታም፤ አልቧጠጠም። ስንዱም ቀና ብላ እንኳ አላየችው፤ ሥራዋን ቀጠለች። ሶፍቷን አንዴ ነከር፣ አንዴ ለጠፍ። ውሃው ቀስ እያለ ገባ። ጠርዙ ላይ የደረቀችው ጫፍ ረጠበች፣ ለሰለሰች። ምንም ሳትቆርስ፣ ምንም ሳታደማ፣ በራሷ ወጣች። ሁለቱ እህትማማቾች በስንዱ መዳፍ ላይ ተገናኙ።

«አባዬ፣ እዩአት» አለች ስንዱ። መዳፏን ወደ አባቷ ዘረጋች። «የፀጉር ቤት ሶፍት ናት። ደርቃ ሳለች ቧጦ ስቧት ነው ያመረቀዘው። ቢላ ለመዘዘ ሰው ማን ነው ቁጭ ብሎ ሶፍት የሚለጥፍለት?»

አቶ ድንበሩ ጫፏን ተቀበሉ። በሁለት ጣት ይዘው ወደ ብርሃን አዞሯት። ነጭ ናት፤ ጠርዟ ላይ የደረቀ ደም አለ። ረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ሌላኛው እጃቸው ሳያስቡት ወደ ገዛ አገጫቸው ሄደ። ከአገጫቸው ሥር፣ ጢማቸው በተላጨበት፣ አንዲት ቁራጭ ሶፍት ተለጥፋለች። ለቀለበቱ ብለው ጠዋት ሲላጩ ምላጭ ነክቷቸው፣ ለጥፈው ረስተዋት ነው። እንግዳ ሁሉ አይቶ አፍሮ ዝም ብሏል።

እትዬ አሰገደች የሚያሹትን እጅ ቀሚሳቸው ሥር ደበቁት።

አቶ ድንበሩ አልሳቁም። ጣታቸውን ሳህኑ ውስጥ ነከሩ። አገጫቸውን አረጠቡ፣ ጠበቁ፣ ደገሙ። ሶፍቷ በራሷ መዳፋቸው ላይ ወደቀች። ደም የለም። ከዚያ የቀለበቱን ሳጥን ወደ መሃል መለሱት። ውብሸት አሁንም እጁን አየር ላይ እንደሰቀለ ነው፤ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል።

«በል እጅህን አውርድ፣ ልጄ» አሉት። «የደረቀን ነገር ውሃ ያላቅቀዋል እንጂ ጥፍር አያላቅቀውም።»